የጀሪካን ዕቁብ

ውሃ ቀጠነ ብላ የምትጣላ ሴት ናት ይሉኛል። ሐሰት አይደለም። እኛ ሰፈር ግን ውሃው ከሚቀጥንበት ቀን የሚጠፋበት ቀን ስለሚበዛ፣ ለጠብ ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ሰፈራችን ዲላ ውስጥ ነች፤ ለማለት ያህል ዲላ ውስጥ ነች። ከደጋው የሚወርደው ወንዝ እኛ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና ሃያ ሦስት ቤቶችን መሀሉ አስገብቶ ከታች ተመልሶ ይገናኛል። ዙሪያችን ውሃ ነው። ከተሜው "ደሴት" ይለናል። ባጃጅ ነጂዎቹ "ደሴት ነው የምትሄጂው?" ብለው ይጠይቁኝና አዎ ስል ሂሳብ ይጨምራሉ። ድልድዩን እንደሆነ አይሻገሩትም፤ ምኑ እንደሚያስጨምራቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ድልድዩ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ሰውና ፍየል ይሻገርበታል፣ ጋሪ አይሞክረውም። ስለዚህ የምንበላው ሁሉ ማዶ ይወርድና በሰው ጭንቅላትና ትከሻ ይገባል፤ ሲገባም ዋጋው አብሮ ይጨምራል። ገበያው ውስጥ ሰማንያ ብር የተውሽው ሽንኩርት ሽብሩ ሱቅ ውስጥ መቶ አሥር ሆኖ ይጠብቅሻል። ድልድዩን የተሻገረ ቲማቲም ራሱን ከብርቱካን እኩል ያደርጋል። ሽብሩ የሰፈራችን ብቸኛ ባለ ሱቅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሌላ ሱቅ እንደሌለ ከእኛ ይበልጥ እሱ ያውቃል።

ውሃውም እንዲሁ ነው። የከተማው ቧንቧ ከድልድዩ ሥር በሽቦ ታስሮ ይገባና አንድ ቦኖ ላይ ያበቃል። በፈረቃ በዘጠኝ ቀን አንዴ ይመጣል፤ አንዳንዴ ዘጠኙ አሥራ አራት ይሆናል። በመሀሉ ያለውን ቀን ከጋሪ ነጂ እንገዛለን። ማዶ ላይ ሃያ ብር የሆነው ጀሪካን ቤትሽ ሲገባ ሠላሳ ነው። ወንዙን አትጠጡም ወይ የሚል ሰው ካለ፣ መጥቶ ቀለሙን ይየው። ከላይ የስንቱ ከተማ ጉድ ወርዶበት ነው እኛ ጋ የሚደርሰው።

በዚህ ምክንያት ነው የጀሪካን ዕቁብ የጀመርነው። አሥራ ስምንት ሴቶች ነን። በየቅዳሜው እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዘን ዕጣ የወጣላት ሴት ቤት እናደርሳለን። እሷ በዚያ ሳምንት ብርድ ልብሷን ታጥባለች፣ ድግስ ካላት ትደግሳለች፣ ከወለደች ገላዋን ታጥባለች። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ሰው የምንታጠበው በዕቁቡ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሕግ አለው። መጀመሪያ ሰሞን ትንቢት የምትባል ልጅ እግር ጎረቤታችን በወለደች ሳምንት ዕጣው ወጣላት። ሰኞ አንዷ "አንድ ጆግ ብቻ" ብላ መጣች፣ ማክሰኞ ሌላዋ "ለሻይ ያህል" ብላ መጣች፣ ሐሙስ ላይ አራሷ የልጇን ጨርቅ የምታጥብበት አጣች። ከዚያ በኋላ ተሰብስበን ባለ ዕጣዋን በሳምንቷ ውሃ የጠየቀች ከዕቁቡ ትውጣ ብለን ወሰንን። የወሰንነው ሁላችንም ነን፤ የምታስፈጽመው ግን የዕቁቡ ዳኛ ሀዊ ነች።

ሀዊ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነች። ከእኔ በሃያ ዓመት ታንሳለች፣ ከቦረና በኩል ነው የመጣችው፣ ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ ሞያሌ መንገድ ላይ ነው ውሎ አዳሩ። ቃሏ ከብረት ነው። አምና ሙሉካን አስወጣቻት። ሙሉካ ገበያ ላይ ቆጮ የምትሸጥ ናት፤ ልጇ ታማባት በሌላ ሴት ሳምንት አንድ ጆግ ውሃ ጠየቀች። ሀዊ "ሕግ ነው" አለችና አስወጣቻት። ያን ቀን እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ቤቴል አንድ ልጄ ነች። አባቷ ከሞተ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ካፌ ውስጥ ወጥ ሠርቼ ነው ያሳደግኳት። አሁን እሷም እዚያው ግቢ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። እዚያ የሚያስተምር አማኑ የሚባል የቡና አገሯ የአሪቻ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው። ጨዋ ልጅ ነው። ችግሩ አባቱ ናቸው።

አቶ ወልደዮሐንስ ቤታቸው አሪቻ ቡና ማጠቢያው አጠገብ ነው። በቡና ወቅት ውሃ በቦይ ሲፈስ እየሰሙ ተኝተው፣ ውሃ በቦይ ሲፈስ እየሰሙ የሚነሱ ሰው ናቸው። በግንቦት ለጉዳይ ዲላ መጥተው ልጃቸው ሰፈራችንን ከማዶ አሳያቸው። ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆመው አዩ አዩና "እዚህ የሚኖር ሰው በምን ይታጠባል?" አሉ። አማኑ እንደ ቀልድ አድርጎ ነገረን። ቤቴል ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያቺ ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክታ ቀረች።

ስለዚህ አቶ ወልደዮሐንስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በመስከረም መጨረሻ እሑድ ልጄን ሊጠይቁ እንደሚመጡ ሲነገረኝ፣ እኔ የጨነቀኝ ዶሮው አልነበረም። ውሃው ነበር። ሲገቡ ቤቴል በጆግ ሙሉ ውሃ፣ እያንጠፈጠፈች ሳይሆን እያፈሰሰች፣ እጃቸውን እንድታስታጥባቸው ፈለግሁ። ሳፋው ሞልቶ እንዲደፋ ፈለግሁ። በምን እንደምንታጠብ እንዲያዩ ፈለግሁ። እግዚአብሔር ሰማኝና የዚያ ሳምንት ዕጣ ለእኔ ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት አሥራ ስምንቱ ጀሪካን ገባ፤ የራሴንም ጨምሮ ማለት ነው። ከሳሎኑ ግድግዳ ሥር በተርታ ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረግኳቸው። ሀዊ የራሷን ስታስቀምጥ "እትዬ፣ የቤቴልን ቀን ጌታ ያሳምርልሽ" አለችኝና ሳመችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረ። እኛ ሰፈር ላይ ብዙም አልዘነበም፣ ደጋው ላይ ነው የወረደው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንዙ ድምፁ ተለወጠ። ወጥተን ስናይ ግንድ ይዞ፣ እንሰት ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ይመጣል። ድልድዩ አንዴ ተነሳ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ከዚያ ዞሮ ሄደ። ቧንቧውም በሽቦ እንደታሰረ አብሮት ሄደ። ቆመን አየነው።

እሑድ ረፋድ ላይ ሽማግሌዎቹ ማዶ መጡ። ሦስቱም ሱፍ ለብሰዋል፣ ሦስቱም ጃንጥላ ይዘዋል። እኛ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ። አቶ ወልደዮሐንስ በአማኑ ስልክ ደወሉልኝ። ፊታቸውን እያየሁ ድምፃቸውን ጆሮዬ ላይ ሰማሁ።

"ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ እንደምን ነዎት። ፈጣሪ ያልፈቀደው ቀን ነው መሰለኝ።"

"እግዜር ይመስገን አቶ ወልደዮሐንስ። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ነበር" አልኳቸው። ሁሉ ነገር ያልኩት ውሃዬን ነው።

"ድልድዩ ሲሠራ እንመጣለን" አሉኝና ጃንጥላቸውን አጥፈው ሄዱ።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣ አንድ ሰው ደግሞ ከማዶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ነገ ይሠራል!" አለን። ይህቺ ነገ ናት ያጠፋችኝ። ነገ ድልድዩ ከተሠራ ነገ ሽማግሌ ይመጣል። ነገ ሽማግሌ ከመጣ ውሃው መኖር አለበት። ስለዚህ አልከፈትኩትም። ከዶሮው ጋር ስለገዛሁት ዘይትና ሽንኩርት ያን ያህል አላሰብኩም፤ ዶሮውን ሰኞ ዕለት ሁለታችን በላነው። ጀሪካኖቹን ግን አልነካንም፤ እኔና ቤቴልም የምንጠጣው ከቅዳሜ በፊት ከተረፈችን ውሃ በኩባያ እየተለካ ነበር።

ሰኞ ዕለት በየቤቱ የነበረው ውሃ አለቀ። ቅዳሜ ያላቸውን አምጥተው እኔ ቤት አስቀምጠው የለ፣ ምን ይተርፋቸዋል? ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ በመስኮት አየሁ። በነጠላ ያጠልላሉ፣ ያስቀምጡታል፣ ከሥሩ ሲዘቅጥ ከላይ ይቀዳሉ፣ ያፈላሉ። ከሰሉም ከማዶ ስለሚመጣ እሱም እያለቀ ነው። በእኔ ደጅ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ውሃ ማንም ቃል አይተነፍስም።

እኔ ደግሞ በዚህ ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፤ በእነሱ ተናደድኩ። "ምን አለበት አንዷ መጥታ ፀሐይወርቅ እንዴት እናድርግ ብትለኝ?" አልኳት ቤቴልን።

"እማ፣ ከጠየቁሽ ይወጣሉ። ሙሉካ ወጥታለች።"

"ታዲያ ሕጉን እኔ ብቻዬን አወጣሁት?"

"እነሱ መጠየቅ አይችሉም። አንቺ መስጠት ትችያለሽ" አለችኝ።

"ነገ ሽማግሌ ቢመጣስ?" አልኳት። ለእሷ ብዬ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን ከጀሪካኖቹ ላይ አንስታ መሬት መሬት አየች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሀዊ ልጅ ያብስራ መጣች። አምስት ዓመቷ ነው። ብዙ ጊዜ ትመጣለች፤ ስትመጣ ቤቱን ታምሰዋለች። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቁጭ አለች። አንዴ እኔን፣ አንዴ ግድግዳው ሥር ያለውን ታያለች። ውሃ በኩባያ ሰጠኋት። ግማሹን ጠጣችና ቆመች።

"ጨርሺው እንጂ" አልኳት።

"የቀረው የእማዬ ነው" አለችኝ። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት አፉን አፉን እያየች፣ እግሯን እየቆጠረች ወጣች።

ገባኝ። ያልገባኝ መስዬ ተመለስኩና በሩን ዘጋሁት። በሕይወቴ ካደረግሁት ነገር ሁሉ ባልናገረው የምወደው ይህን ነው፤ ግን ካልነገርኩ ይህን ታሪክ ማውራቴ ምን ዋጋ አለው?

ማክሰኞ ስኳር ልገዛ ሽብሩ ዘንድ ሄድኩ። መደርደሪያው ሳስቷል። በዘይቱ ላይ መቶ ሃምሳ፣ በስኳሩ ላይ ሠላሳ ጨምሯል፣ ሽንኩርት ጭራሽ የለም። የታሸገው ውሃ እሑድ ነው ያለቀው። የልቤን ተናገርኩት።

"እትዬ ፀሐይወርቅ፣ እኔ ወንዝ ነኝ? ያለኝ ይኸው ነው፤ ሲያልቅ እኔም እንደ እናንተ ነኝ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። "ስሙኝማ። ያንን ጀሪካን በሁለት መቶ ብር ልግዛዎት። አሥራ ስምንቱንም።"

"ገዝተህ ምን ታደርገዋለህ?"

"እሸጠዋለሁ እንጂ ምን አደርገዋለሁ? በኩባያ።"

ሰደብኩት። ሰው እስኪሰማ ሰደብኩት። ግን ከመስደቤ በፊት፣ ዓይን እስኪጨፈን ባለች ጊዜ፣ አሥራ ስምንት ጊዜ ሁለት መቶ ስንት እንደሚሆን አስቤ ነበር። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። ለሽማግሌዎቹ በግ ይገዛል። ቤቴ እስክገባ ድረስ የሰደብኩት እሱን ይሁን ራሴን አላወቅሁም።

ረቡዕ ጠዋት በግድግዳው በኩል የያብስራን ልቅሶ ሰማሁ። ልቅሶው ደከም ያለ ነው። ከዚያ ሀዊ ስትወጣ ስትገባ፣ ባልዲ ስትደፋ ሰማሁ። ቤቴል ሄዳ አየቻትና ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች።

"ከትናንት ማታ ጀምሮ ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል። ዓይኗ ገብቷል። የኦአርኤሱ ዱቄት አለ፤ የሚበጠበጥበት ንጹሕ ውሃ የለም።"

ጤና ጣቢያው ማዶ ነው። ወንዙ ገና አልጎደለም፤ ሰው በገመድ ለማሻገር የሞከሩት ወንዶች ትናንት ሊወሰዱ ነበር። አንዱን ጀሪካን አነሳሁ። ሃያ ሊትር ነው፤ ወገቤ አያነሳውም ነበር፣ ያን ቀን አነሳው። ሀዊ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና እጇን ዘረጋች፤ እንዳትገቢ የሚል እጅ ነው።

"መልሽው እትዬ።"

"እብድ ነሽ? ልጂቱ..."

"ሙሉካ አንድ ጆግ ነው የጠየቀችው" አለች። "ልጇ ታማ ነው የጠየቀችው። እኔ ሕግ ነው አልኳት። አሁን የእኔ ልጅ ስትታመም ሕጉ የት ሄደ ልበላት? በምን ዓይኔ ነው የማያት?"

"አንቺ አልጠየቅሽም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት።"

"ሰኞ ልጄን ልኬብሻለሁ" አለች። "ጠይቂ አላልኳትም። ሂጂና ቁጭ በይ ነው ያልኳት። ያ ከመጠየቅ በምን ይለያል?"

ልጂቱ ከውስጥ "እማ" አለች። ለመቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ቁጣው አልመጣልኝም። ይህቺ ሴት አምና ያደረገችውን እያሰበች ልትሞት ነው፤ እኔ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ያደረግሁትን ይዤ ቆሜያለሁ። ከሁለታችን የባስኩት እኔ ነኝ። እሷ ቢያንስ ሕግ ነበራት።

"እሺ" አልኳት። "ዳኛ ነሽ አይደል? በዕቁብ ሕግ ዕጣ የወጣለት ሰው ለቸገረው ዕጣውን መልቀቅ ይችላል ወይስ አይችልም?"

አየችኝ። "ይችላል።"

"ለቅቄያለሁ። ቤቴል ምስክሬ ናት። ዕጣው የአንቺ ነው፤ አሥራ ስምንቱም የአንቺ ነው፤ የእኔ በመጨረሻ ይደርሰኛል። አሁን ከበሩ ላይ ዞር በይልኝ፣ ይህ ነገር ወገቤን ሊሰብረው ነው።"

ዞር አለች። ቤቴል ዱቄቱን በጠበጠች፣ ሀዊ በማንኪያ በማንኪያ ለያብስራ አጠጣቻት። ከሰዓት በኋላ ልጂቱ ሸናች። አንድ ሰው በመሽናቱ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጂቱ እንቅልፍ ሲወስዳት ሀዊ ተነሳች፣ ፊቷን በእርጥብ እጇ ጠረገች፣ እኔ ቤት ገባችና አንድ ጀሪካን በጀርባዋ አዘለች።

"ወዴት ነው?"

"ዕጣው የእኔ አይደል?" አለች። "እኔም ለፈለግሁት መልቀቅ እችላለሁ።"

ተከተልኳት። ሙሉካ ቤት ነው የሄደችው። ሙሉካ የወንዝ ውሃ ባልዲ ላይ ነጠላ ወጥራ ታጠልላለች። ሀዊን ስታይ ቀና አለች። ሙሉካ በአማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ታደርጋለች።

"ሀዊ ነው? ሀዊ ራሱ ተሸክሞ መጣ?"

ሀዊ ጀሪካኑን አወረደች። "አምና ያልሽኝ ነገር የገባኝ ዛሬ ነው" አለች። "ይቅር በይኝ ለማለት አይደለም የመጣሁት። ውሃ ላደርስ ነው።"

ሙሉካ ነጠላውን ጨመቀች፣ አሰጣችው፣ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "ያኔ ወንዙን አፍልቼ አጠጣሁት" አለች። "ቀን በቀን ቆጮ ሳልሸጥ ቁጭ ብዬ አጠጣሁት። ተረፈ።" ከዚያ ጀሪካኑን ጎንበስ ብላ አነሳች። "ያንተ ልጅስ? ተሻለው?"

"ሸናች" አልኩ እኔ። ሦስታችንም ሳቅን። ሙሉካ ግማሹን ወደ ድስቷ ገለበጠችና የቀረውን ይዛ ቀጥላ ወዳለችው ወደ ትንቢት ቤት ሄደች። "እኔ በዕቁቡ የለሁም" አለች ዞር ብላ። "ስለዚህ ማንም አያስወጣኝም።"

እንዲህ ሆነ። ትንቢት ዕጣውን ተቀብላ ለጎረቤቷ ለቀቀች፣ ጎረቤቷ ለቀጣይዋ፤ የለቀቀችም ከእኔ ቤት ጀሪካን አንስታ ታደርሳለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ የዙሩ ዕጣ በሙሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዞረ። ማንም አልጠየቀም፣ ሕጉም አልተጣሰም፣ ውሃው ግን ሃያ ሦስቱም ቤት ደረሰ። ሽብሩ እንኳ አንድ ጆግ ደረሰው፤ ማን እንደሰጠው አልጠይቅም። በደስታ ሰጠሁ ብል ግን ውሸት ነው። እያንዳንዱ ጀሪካን ከደጄ ሲወጣ ስንት እንደቀረ እቆጥር ነበር። የመጨረሻው ሲወጣ ግድግዳው ሥር የቀረውን እርጥብ ምልክት እያየሁ ቆየሁ። አቶ ወልደዮሐንስ ትዝ አሉኝ።

የማዘጋጃ ቤቱ ነገ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ወንዙ ጎደለና ወንዶቹ ገመድ ዘርግተው ከማዶ ጀሪካን መጎተት ጀመሩ። ሠላሳ ብር የነበረው ስልሳ ሆነ። ቀይ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ መሥራት ተማርን። ያብስራ ድና ቤቴን ማመስ ጀመረች። ሀዊ ሴቶቹን ሰብስባ ዳኝነቱን ልልቀቅ አለች፤ አልተቀበልናትም። ሙሉካን ተመለሽ አልናት፤ አስብበታለሁ አለች፣ እስካሁን እያሰበችበት ነው።

አዲሱ ግንድ ዓርብ ዕለት ተዘረጋ። ቧንቧው ሰኞ ይገጠማል ተባለ። ሽማግሌዎቹን ከዚያ በኋላ ላለው እሑድ ቀጠርኳቸው፤ እስከዚያ ከቦኖው እሞላለሁ ብዬ ነው። ቅዳሜ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ አማኑ ደወለ። አሪቻ ቡና መልቀም ተጀምሯል፣ አባቱ ከዛሬ በኋላ ለሁለት ወር ከማጠቢያው ንቅንቅ አይሉም፣ ስለዚህ አሁን ድልድዩ ጋ ናቸው አለኝ።

ቤቴ ውስጥ ግማሽ ጀሪካን ነበረ። ጎመንና አይብ አለ፣ ከሙሉካ የተገዛ ቆጮ አለ፣ ክትፎ የሚሆን ሥጋ ቤቴል ለእሑዳችን ብላ ጠዋት ከገበያ ይዛ መጥታለች። ውሃው ጎመኑን ለማጠብና ሻይ ለማፍላት ሄደ። ጋሪ ነጂው የገበያ ቀን ስለሆነ አልመጣም። ሀዊ ጋ ግድግዳውን መታሁ፤ እሷም ባዶ ነች። ዕቁቡም ያን ሳምንት ገና አልተሰበሰበም። ሰፈሩ ሁሉ ተጨምቆ አንድ ጆግ የሚወጣው አይመስለኝም ነበር።

ሦስቱ ሰዎች ገቡ። አቶ ወልደዮሐንስ ረጅም ናቸው፤ የቤቴ በር ጎንበስ አደረጋቸው። ጸሎት ተደረገ። ተቀመጡ። ገበታው ቀረበ። ቤቴል ፎጣ በክንዷ ላይ አድርጋ፣ ሳፋውን ይዛ፣ ባዶውን ጆግ ይዛ መሀል ላይ ቆመች። ልጄ እኔን አየችኝ። ሁሉም እጃቸውን ወደ ፊት አድርገው ይጠብቃሉ።

ልናገረው ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ስለ ዕቁቡ፣ ስለ አሥራ ስምንቱ ጀሪካን፣ ስለ ያብስራ፣ ስለ ግንቦቷ ቃላቸው ጭምር። ምላሴ ላይ ተደርድሮ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ከእውነቱ ይልቅ ለራሴ ክብር የቆመው እንደሚበዛ ገባኝ።

"ይቅርታ አቶ ወልደዮሐንስ" አልኳቸው። "እጅ ማስታጠቢያ ውሃ የለንም።"

ያቺን ቃል ከአፌ ለማውጣት ስፈራ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ስትወጣ ምንም አልከበደችም።

አቶ ወልደዮሐንስ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ፣ የሱፍ ኮታቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ ሰቀሉት፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለሉ።

"ወንዙ ቅርብ አይደለም እንዴ?" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ጎንበስ ብለው በሩን አለፉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩና እነሱም ኮታቸውን አወለቁ።

በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ከሀዊ ቤት ጀርባ ባለው ቁልቁለት እየተያያዙ ወረዱ። የተወለወለ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ገባ። አቶ ወልደዮሐንስ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብለው ቡናማውን ውሃ በሁለት እጃቸው እየዘገኑ እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ጎረቤቶቼ ባልዲ ይዘው ሦስት ሳምንት ሙሉ የወረዱበት ቦታ ላይ። ሙሉካ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላ ሳሙናዋን ሰጠቻቸው። ተቀበሏት፤ አመሰገኗት።

እንባዬ መጣ፤ አልጠረግሁትም። ቤቴል ባዶውን ጆግ እንደያዘች አጠገቤ መጥታ ቆመች።

ጥያቄውን በወግ ያቀረቡት ከምሳ በኋላ ነው፤ እንደ ደንቡ እኔም ዘመድ ልጠይቅ፣ ቀን ስጡኝ አልኩ። ልጄን የሰጠሁት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ሦስቱ ሰዎች እጃቸው እየተንጠባጠበ ዳገቱን ሲወጡ።